የሚያመጣት ማን ነው?

ጤና ይስጥልኝ፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬ ብቻዬን ነኝ፤ የማወራችሁም ስለ አቴንዳንስ ነው። እንደምታውቁት በመንግሥት ትምህርት ቤት የኦ ክፍል መምህርት ነኝ። ልጆቼ ስድስት ዓመት ገደማ ናቸው፣ አንደኛ ክፍል ሊገቡ አንድ ዓመት ነው የቀራቸው።

ኦ ክፍል በየትምህርት ቤቱ የተስፋፋው የ2002ቱ የቅድመ ልጅነት ፖሊሲ ማዕቀፍ ከወጣ በኋላ ነው። ለኬጂ መክፈል ለማይችል ቤተሰብ ትልቅ ነገር ነው። መስከረም ላይ ክፍሉ ይሞላል፣ ሪፖርቱም ያምራል። ግን መመዝገብና መምጣት ለየቅል ናቸው።

አንዲት ልጅ አለችኝ። አንዱን ሳምንት ሳትቀር ትመጣለች፣ በሚቀጥለው ድራሿ ይጠፋል። ስትመለስ ደግሞ እኔ እስክጠራት በር ላይ ትቆማለች። እሷ በሌለችበት አዲስ መዝሙር ተምረናል፤ የሌሎቹን እጅ እያየች ዘግይታ ታጨበጭባለች። ይሄ አንጀቴን ይበላዋል።

«ወላጆቹ ግድ የላቸውም» ሲባል እሰማለሁ። እኔ አልቀበለውም። የምታመጣት እናቷ ሳትሆን አራተኛ ክፍል ያለው ወንድሟ ነው፤ እሱ ደግሞ አንድ ሳምንት ጠዋት፣ አንድ ሳምንት ከሰዓት ነው ፈረቃው። እኛ የምንማረው ጠዋት ብቻ ነው። እናት በሌሊት ወጥታ ጉልት ትቸረችራለች። መሀል ላይ ሲኖ ትራክ የሚበርበት አስፋልት አለ፣ እና እስቲ ንገሩኝ፣ የስድስት ዓመት ልጅ ብቻዋን ትሻገረው? እኔ ብሆን አልልክም።

ይሄ ከገባኝ በኋላ የስም መጥሪያውን በሌላ ዓይን ነው ያየሁት። የገበያ ቀን ታላላቆቹ ይቀራሉ፣ ታናናሾቹም አብረው ይቀራሉ። አዲስ አበባ ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ቁርስና ምሳ አለ፤ ምግብ ልጅ ያመጣል፣ እሱን አምናለሁ። ግን ምግቡም ቢኖር እጇን ይዞ የሚያሻግራት ሰው ያስፈልጋል።

ዳይሬክተሮች፣ ስትመዘግቡ የልደት ካርድ ብቻ አትጠይቁ። «የሚያመጣት ማን ነው?» በሉ። ታላቅ ወንድም ወይም እህት ከሆነ ፈረቃቸውን አገናኙላቸው።

እኛ ጋ ይሄንኑ ስጠይቅ «ፈረቃ ክፍሉ በሙሉ ነው የሚዞረው፣ አንድ ልጅ ነጥለን አናዛውርም» ተባልኩ። ስለዚህ ከእናቷ ጋር ተመካክረን፣ ወንድሟ ከሰዓት በሚሆንበት ሳምንት ጠዋት የምትማር የጎረቤት ልጅ እንድታመጣት ተስማማን። እስካሁን እየሠራ ነው። እናንተ ጋ ያላችሁ መምህራን እንዴት እንደምታደርጉት በድምፅ መልእክት ላኩልኝ፣ በሚቀጥለው ክፍል አሰማዋለሁ።