የሒሳብ የቡድን ሥራ፦ ትክክለኛው ሐሳብ ለምን ሳይሰማ ይቀራል?

[ሰሌዳ ላይ፦ 2/3 + 1/4]

ተራኪ፦ ሦስት ተማሪዎች ይህን እየሠሩ ነው እንበል። አንዷ ላዕልን ከላዕል፣ ታህትን ከታህት ደምራ «3/7» ትላለች። አጠገቧ ያለው ወዲያው ደብተሩ ላይ ይገለብጣል። ሦስተኛው ቀስ ብሎ፣ «2/3 ብቻውን እኮ ከግማሽ ይበልጣል፤ 3/7 ግን ግማሽም አይሞላ» ይላል። የመለሰለት የለም። ወደ ተራ ቁጥር ሁለት ታለፈ።

ስህተቱን የሚያፈርሰው ሐሳብ ተነግሯል፤ የተቀበለው ግን አልተገኘም። ብሪጂድ ባሮን የተባለች ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2003 ባሳተመችው ጥናት ሦስት ሦስት ሆነው የሠሩ የስድስተኛ ክፍል ተማሪዎችን ንግግር መርምራ ነበር። ባልተሳካላቸው ቡድኖችም ትክክለኛ ሐሳብ ይነሳ ነበር፤ ግን ወይ ይጣላል ወይ ይታለፋል።

[ምስል፦ ስድስት ልጆች፣ አንዱ ብቻ ይጽፋል]

ለዚህ ነው እኛ የለመድነው አንድ ለአምስት ለሒሳብ ውይይት የማይመቸው። መሪው ጎበዝ መሆኑ አስቀድሞ ስለታወጀ ሌሎቹ እሱን ይጠብቃሉ። ይልቅ በዕጣ ሦስት ሦስት አድርጓቸው። አንድ ወረቀት፣ አንድ እስክሪብቶ ብቻ ስጧቸው። እስክሪብቶ የያዘው የራሱን ሐሳብ አይጽፍም፤ ሁለቱ የነገሩትን ብቻ ይጽፋል። በየጥያቄው እስክሪብቶው እጅ ይቀይራል። ጎበዙ ልጅ በዚህ ይበሳጫል፣ ይበሳጭ። ማስረዳት ግድ ሲሆንበት እሱም የዘለለውን ደረጃ ያገኘዋል።

[ምስል፦ 12 ሳጥን ያለው የወረቀት ቁራጭ]

«ቲቸር፣ ልክ ነው?» ሲሏችሁ ልክነቱን አትንገሩ። ዝም ያለውን ልጅ፣ «3/7 እና 2/3፣ የቱ ይበልጣል?» በሉት። ከተቸገሩ 12 ሳጥን ያስምሩ፦ 2/3 ማለት 8 ሳጥን፣ 1/4 ማለት 3 ሳጥን፤ በድምሩ 11/12። ቀጥሎ 3/7 ለምን እንደማይሆን ከሦስቱ አንዱ ያስረዳ፤ ማን እንደሆነ የምትመርጡት እናንተ ናችሁ፣ ያውም ሥራው ካለቀ በኋላ። አስቀድሞ ከታወቀ ሁለቱ ያርፋሉ።

አንድ ነገር ግን፦ 47 × 36 ዓይነት ጥያቄ ለቡድን አትስጡ። የሚያከራክር ነገር የለውም፤ እያንዳንዱ በደብተሩ ይሥራው።