የኪቦርድ ዋጋ ከሞልዱ ይጀምራል፤ በድሬዳዋ ለቴክኒክ ሠልጣኞችና ለወርክሾፕ ባለሙያዎች የቀረበ ንግግር

የተከበራችሁ መምህራን፣ የወርክሾፕና የማተሚያ ቤት ባለቤቶች፣ ውድ ሠልጣኞች፤

በየቢሮው ጠረጴዛ ላይ ስለማይጠፋው ኪቦርድ፣ በተለይም ክፍሎቹ ለየብቻ ተገዝተው እንደ ባለቤቱ ፍላጎት ስለሚገጣጠሙት መካኒካል ኪቦርድ ልነግራችሁ እወዳለሁ። በርካሽ የሚሸጠው የተለመደው ኪቦርድ ከቁልፎቹ ሥር አንድ ወጥ የጎማ ንጣፍ ስላለው ጎማው ሲደክም ዕቃው በሙሉ ይጣላል። በመካኒካል ኪቦርድ ግን እያንዳንዱ ቁልፍ የራሱ ስዊች (ሲጫን ፊደሉን የሚያስመዘግብ ማብሪያ) እና የራሱ ሞላ ስላለው የተበላሸው አንዱ ብቻ ይቀየራል።

ዛሬ በዓለም ላይ ለተስፋፉት ስዊቾች መነሻ የሆነው የጀርመኑ ቼሪ ኩባንያ በ1980ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) ያወጣው ኤምኤክስ የተባለው ሥሪት ነው። ቁልፉ 4 ሚሊሜትር ወደ ታች ይወርዳል፤ ዓይነቶቹ በቀለም ይለያሉ፤ በቀዩ ዓይነት 2 ሚሊሜትር ላይ ሲደርስ ፊደሉ ይመዘገባል። የፈጠራ መብቱ ጥበቃ ካበቃ በኋላ እንደ ጌትሮንና ካይል ያሉ የቻይና አምራቾች በዚያው ልክ ማምረት ስለጀመሩ ስዊች ዛሬ ውድ ዕቃ አይደለም። ብዙዎቹ አንዱ ከ1 ዶላር በታች ይሸጣሉ።

ታዲያ ገንዘቡ የት ይሄዳል? በእኔ እምነት የዚህ ሙያ ቁም ነገር እዚህ ላይ ነው። ጣት የሚያርፍበት የቁልፍ ቆብ ከጥቂት ግራም የማይበልጥ ፕላስቲክ ሆኖ ሳለ፣ ጥሩ ተብሎ የሚታወቀው ሙሉ ስብስብ ከ100 ዶላር በላይ ይሸጣል። ምክንያቱ ሞልዱ፣ ማለትም የቀለጠው ፕላስቲክ ፈስሶ ቅርጽ የሚይዝበት የብረት ማውጫ ነው። ደብል ሾት በሚባለው ዘዴ ፊደሉ በአንድ ቀለም ፕላስቲክ፣ የቆቡ አካል ደግሞ በሌላ ቀለም በሁለት ዙር ስለሚፈስ ፊደሉ በጭራሽ አይለቅም፤ ነገር ግን ለእያንዳንዱ ፊደል የራሱ የብረት ሞልድ መቀረጽ አለበት። ለምሳሌ ለሞልድ 10,000 ዶላር ወጣ እንበል። ገዢዎቹ 100 ከሆኑ ለእያንዳንዳቸው 100 ዶላር ይደርሳል፤ 1,000 ከሆኑ 10 ዶላር ብቻ ነው። ፕላስቲኩ ያው ነው፤ የተለወጠው የሰው ቁጥር ነው።

ስለዚህ ፈላጊዎች ተሰባስበው ገንዘቡን አስቀድመው ይከፍላሉ፤ አምራቹም የተወሰነው ቁጥር ሲሞላ ሥራውን ይጀምራል። ነገሩ ዕቁብ ቢመስልም ዳኛም ዋስም የለውም፤ ዕቃው ከዓመት በላይ የዘገየባቸው፣ አሰባሳቢው ገንዘባቸውን ይዞ የጠፋባቸውም አሉ። እናንተ እንዲህ ያለ ነገር ብታደራጁ ገንዘቡ ሥራው በደረሰበት ደረጃ ልክ እንዲለቀቅ አጥብቄ እመክራለሁ።

ክፍሎቹን በሙሉ የሚይዘው የውጭ አካል፣ የቀፎው ዋጋ ስሌት ለዚህ ከተማ ባለሙያ እንግዳ አይሆንም። ከአሉሚኒየም ጥርብ በሲኤንሲ ፍሬዛ (በኮምፒውተር በሚመራ የብረት መፈልፈያ ማሽን) ሲወጣ አብዛኛው ብረት ተልጦ ይወድቃል፤ የሚከፈለውም ለማሽኑ ሰዓትና በኋላ ለሚደረግለት የአኖዳይዚንግ (በኤሌክትሪክ የአሉሚኒየሙን ገጽ አጠንክሮ ቀለም የማስያዝ) ሥራ ነው። ስዊቾቹ የሚሰኩበት ላሜራ ግን ቀላል ነው፤ ውፍረቱ 1.5 ሚሊሜትር፣ ቀዳዳው 14 በ14 ሚሊሜትር፣ ከአንዱ ቀዳዳ መሐል እስከ ሌላው መሐል 19.05 ሚሊሜትር ነው። ለባቡር መለዋወጫ እዚሁ በቶርኖ ሲሠራባት በኖረች ከተማ ይህን ላሜራ ከውጭ ማስመጣት ተገቢ አይመስለኝም።

ወደ ፊደላችን ልምጣ። የግዕዝ ፊደል ከ1999 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የዓለም ፊደላት በኮምፒውተር ላይ መለያ ቁጥር በሚያገኙበት ዩኒኮድ ውስጥ ስላለ ኮምፒውተሩ ያውቀዋል፤ ኪቦርዳችን ላይ ግን የሚታየው አሁንም በአብዛኛው የላቲን ፊደል ነው። 33ቱን የፊደል ዘሮች በደብል ሾት ለማስቀረጽ የሚጠይቀው ወጪ ለጥቂት ገዢዎች አይቻልም። ሰብሊሜሽን ግን ሞልድ አይጠይቅም። በወረቀት ላይ የታተመው ቀለም በሙቀት ተንኖ ወደ ፕላስቲኩ ውስጥ ይገባል፤ ኩባያና ቲሸርት የሚያትሙ ቤቶች የሚሠሩበት ዘዴ ነው። ቆቡ ግን የግድ ፒቢቲ ከተባለው ፕላስቲክ የተሠራ መሆን አለበት። ፒቢቲ የሚቀልጠው ከ220 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሲሆን፣ ኤቢኤስ የተባለው ግን 100 ዲግሪን ትንሽ አለፍ ሲል መለስለስ ስለሚጀምር ሙቀቱን አይችልም። ቀለሙም ማጥቆር እንጂ ማንጣት ስለማይችል ቆቡ ነጭ ወይም ፈዘዝ ያለ መሆን ይኖርበታል።

አስቸጋሪው ነገር የቆቡ ራስ ጎድጎድ ያለ በመሆኑ ወረቀቱ እኩል አለመንካቱ ነው። ለዚህ ቆቡን ከሥር አጥብቆ የሚይዝ፣ ከላይም በጉድጓዱ ልክ የሚጫን መያዣ ያስፈልጋል፤ ይህም የፍሬዛ ሥራ ነው። ስለዚህ የወርክሾፕ ባለቤቶች መያዣውን፣ የማተሚያ ቤቶች ሙቀትና ቀለሙን፣ ሠልጣኞች ደግሞ የፊደሉን ንድፍና አቀማመጥ ብትከፋፈሉ እወዳለሁ። ለመጀመሪያው ሙከራ ቁመታቸው በሁሉም ረድፍ እኩል የሆኑ፣ ምንም ያልተጻፈባቸው ነጭ የፒቢቲ ቆቦች ይበቃሉ፤ ቁመታቸው እኩል ከሆነ እያንዳንዱ ተጠቃሚ ፊደሎቹን እንደለመደው አቀማመጥ ሊደረድራቸው ይችላል።

አመሰግናለሁ።