«እኔ ይህን ያህል ሞኝ ነኝ?»

የተከበራችሁ አዲስ ሠልጣኞች፣ እንኳን ደህና መጣችሁ።

የማወራችሁ ስለ አንዲት የጃፓን ቃል ነው፤ ፖካ ዮኬ። ሠራተኛ እንዳይሳሳት፣ ወይም ሲሳሳት ወዲያው እንዲያይ የሚያደርግ አሠራር ማለት ናት። ስትሰማ የልጆች ጨዋታ ትመስላለች።

እ.ኤ.አ. በ1961 ሺጌኦ ሺንጎ የተባሉ ኢንጂነር አንድ የኤሌክትሪክ ዕቃ ፋብሪካ ሄዱ። እዚያ የሚገጣጠመው ትንሽ ማብሪያ ማጥፊያ ሁለት ቁልፎች አሉት፤ በየቁልፉ ሥር አንድ አንድ ሞላ ይገባል። አልፎ አልፎ አንዷ ሞላ ትረሳለች። ሠራተኞቹ ይገሠጻሉ፣ ለጥቂት ቀን ይሻላል፣ ከዚያ ያው ይሆናል። ሺንጎ ያመጡት መፍትሔ ትንሽ ሳህን ነው። ሠራተኛው አስቀድሞ ሁለት ሞላ ሳህኑ ላይ ያስቀምጣል። ገጥሞ ሲጨርስ ሳህኑ ላይ አንድ ከቀረ፣ መርሳቱን እዚያው ያያል።

የዘዴው የመጀመሪያ ስም ግን ባካ ዮኬ ነበር። ባካ ሞኝ ነው፤ ዮኬ መከላከል። እ.ኤ.አ. በ1963 ገደማ አንድ የመኪና አካል ፋብሪካ የግራና የቀኝ ዕቃ እንዳይቀያየር እንዲህ ያለ መሣሪያ ተከለ። አለቃው ጥቅሙን ሲያስረዳ አንዲት ሠራተኛ «እኔ ይህን ያህል ሞኝ ነኝ?» ብላ አለቀሰች። ሺንጎ ስሙን ቀየሩት። ፖካ ሳይታሰብ የምታመልጥ ስህተት ናት፤ ጎበዝ ቼዝ ተጫዋችም አንዳንዴ የሚሠራት ዓይነት። እውነቱን ለመናገር፣ ከሳህኑ ይልቅ እኔን የሚገርመኝ ይህ የስም ለውጥ ነው።

በአማርኛ ምን እንበላት? «እንከን የለሽ» አይሆንም፤ እሱ የተሠራውን ዕቃ ማወደሻ ነው። ይህቺ የምትናገረው ስለ አሠራሩ ነው። እኔ «ስህተት የማያስገባ» እላለሁ፤ እሱም ቢሆን ለሁሉም አይሰጥም። ሲም ካርድ አንድ ጥጉ የተቆረጠው ለጌጥ አይደለም፤ ገልብጣችሁ ብታስቀምጡት ማስገቢያው አልቀበልም ይላል። ማይክሮዌቭም በሩ ተከፍቶ አይሠራም። እነዚህ ስሙ ይገባቸዋል። የሺንጎ ሳህን ግን አይከለክልም፤ ያሳያል እንጂ። ሁለቱን ሞላ ሳህኑ ላይ ማስቀመጥ የረሳ ሰው ሳህኑም አያድነውም። ስለዚህ ሻጭ መጥቶ «ይህ ማሽን ፈጽሞ አያሳስትም» ካላችሁ፣ «ይከለክላል ወይስ ያሳያል?» በሉት።

አሁን ወደ ወርክሾፑ እንግባ። በየጠረጴዛው ሳህን አለ፤ ሞላዎቹን ግን የምታስቀምጡት እናንተ ናችሁ።