ስለ ዝሆኔ በሽታ ጥናቶች የጎጃም አድማጮች ጥያቄና የባለሙያ መልስ

ጥያቄ፦ «ከዩኒቨርሲቲ የሚመጡ ሰዎች ስለ እግራችን እብጠት፣ ስለ ማሳችንና ስለ ልጆቻችን ትምህርት ጠይቀውን፣ ጽፈው ይሄዳሉ። ከእኛ አፍ የወጣው ነገር ወዴት ይደርሳል? ለእኛስ ምን ይጠቅመናል?» (አንድ አባት፣ ከደምበጫ)

መልስ፦ አባቴ፣ ይህን መጠየቅዎ ተገቢ ነው፤ መልሱም ከአካባቢዎ ይጀምራል። በደብረ ኤልያስና በደምበጫ ወረዳዎች ቤት ለቤት በተደረገ ጥናት ዕድሜያቸው 15 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆነ 100 ሰዎች መካከል 3 ያህሉ ፖዶኮኒዮሲስ የተባለው፣ በባዶ እግር አፈር ከመርገጥ የሚመጣው የዝሆኔ ዓይነት እንዳለባቸው ታወቀ፤ ውጤቱም እ.ኤ.አ. በ2012 ታተመ። ጤና ጣቢያ የሚመዘግበው ደጁን የረገጠውን ሰው ብቻ ነው። እግሩን በጋቢ ሸፍኖ ከሰው ርቆ የሚኖረው ሕመምተኛ ግን በማንኛውም መዝገብ ላይ አይገኝም፤ ቤቱ ድረስ ሄዶ የሚያገኘው እንዲህ ያለ ጥናት ነው። መንግሥትም ሆነ ረጂ ድርጅት ሳሙና፣ ቅባትና ጫማ ለየትኛው ወረዳ ምን ያህል እንደሚያስፈልግ የሚወስነው እንዲህ ያለ ቁጥር ሲኖረው ነው።

ያም ሆኖ ቅሬታዎ እውነት አለው። ውጤቱን ለባለሙያ መጽሔት ሰጥቶ ለተጠያቂዎቹ ሳይነግር የሚቀር አጥኚ ግዴታውን በግማሽ ብቻ ተወጥቷል ብዬ አምናለሁ። ስለዚህ ከመመለስዎ በፊት ጥናቱ ለምን እንደሚደረግ፣ ስምዎ ተሰውሮ እንደሚቆይና ውጤቱ መቼ ለቀበሌው እንደሚነገር ይጠይቁ። አልሳተፍም ማለትም፣ ጀምሮ ማቋረጥም መብትዎ ነው፤ በዚህ ምክንያት ሕክምና ሊከለከሉ አይችሉም።

ጥያቄ፦ «እኅቴና ጎረቤቷ ለዝሆኔ ጥናት በአንድ ቀን ተመዘገቡ። ጎረቤቷ ወዲያው እንክብካቤ ተጀመረላት፣ እኅቴ ግን ዓመት ጠብቂ ተባለች። ይህ አድልዎ አይደለም?» (አንዲት እኅት፣ ከደብረ ማርቆስ ዙሪያ)

መልስ፦ በምሥራቅ ጎጃም የተደረገው፣ እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመው ትልቅ ጥናት በዚህ መንገድ የተካሄደ ነው። 696 ሕመምተኞች በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ፤ አንደኛው ወገን እግር ማጠብን፣ ቆዳ ማለስለስን፣ በጨርቅ መጠቅለልን፣ የእግር እንቅስቃሴን፣ ካልሲንና ጫማን ያካተተውን እንክብካቤ ወዲያው ሲጀምር፣ ሌላው ከ12 ወር በኋላ አገኘ። ዕጣው የተጣለው የቅርጫ ሥጋ መደብ በዕጣ እንደሚለየው፣ የማንም ዝምድናና ምርጫ እንዳይገባበት ነው። አጥኚው በዓይኑ መርጦ ቢመድብ ኖሮ ቀለል ያለ ሕመም ያለባቸው በአንድ ወገን ሊበዙ፣ የታየው ለውጥም ከእንክብካቤው ይምጣ ከሌላ ነገር ሳይለይ ሊቀር ይችል ነበር።

የተመዘነው ዋና ነገር እግሩ ድንገት ቀልቶና ግሎ፣ ከትኩሳት ጋር ሰውን አልጋ ላይ የሚጥለው ሕመም በዓመት ስንት ጊዜ እንደሚነሣ ነው። እንክብካቤ ባላገኙት ላይ ለአንድ ሰው በዓመት በአማካይ 23.9 ጊዜ፣ ባገኙት ላይ 19.4 ጊዜ ተነሣ። ልዩነቱ ለሚሰማው ሰው ትንሽ ሊመስል ይችላል፤ ነገር ግን አንዱ ሕመም በተነሣ ቁጥር በእርሻ ወይም በአጨዳ ወቅት ለቀናት ከሥራ እንደሚያውል ለሚያውቅ ገበሬ በዓመት አራት ያህል ጊዜ መቀነሱ ቀላል ነገር አይደለም። በወላይታ የተደረገ የምጣኔ ሀብት ጥናትም ሕመምተኞች ሊሠሩበት ከሚችሉት ጊዜ 45 በመቶውን እንደሚያጡ አሳይቷል። ጉዳዩን ከጤና ወደ ኑሮ፣ ከኑሮም ወደ ልጆች ትምህርት የሚያሻግረው ይህ ነው፤ አባት አልጋ ላይ ሲውል ከብቱን ለመጠበቅ ከትምህርት ቤት የሚቀረው ልጁ ነው።

እኅትዎ ስትመዘገብ «አንድ ወገን ይቀድማል፣ ሌላው ይከተላል» ተብሎ በሚገባት ቋንቋ ሊነገራት ይገባ ነበር። ሳይነገራት ቀርቶ ከሆነ ግን ጥፋቱ የዕጣው ሳይሆን የአስረጂው ነው።

ጥያቄ፦ «ልጄ ሊያገባት ያሰባት ልጅ እናቷ ዝሆኔ አለባት። ዘመድ ሁሉ በሽታው በዘር ይተላለፋል ብሎ እምቢ አለ። ምን ልወስን?» (አንዲት እናት፣ ከሞጣ)

መልስ፦ እናቴ፣ ዘመድ የያዘው ነገር ግማሹ እውነት፣ ግማሹ ግን ሰውን የሚጎዳ ስሕተት ነው። ፖዶኮኒዮሲስ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፤ አብሮ መብላት፣ አብሮ መተኛት፣ ጫማ መዋዋስም አያስተላልፈውም። ዋና ምክንያቱ ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተገኘ ቀይ የደጋ አፈር ነው፤ በውስጡ ያለው ደቃቅ ማዕድን በባዶ እግር ቆዳ ገብቶ የእግርን የሊምፍ መተላለፊያ፣ ማለትም ከሰውነት የተረፈው ፈሳሽ የሚመለስበትን ቀጭን ቧንቧ፣ ይጎዳል። ይህን ግንኙነት በአገራችን ሲሠራ በስፋት ያጠናው እንግሊዛዊው ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ ነው።

ዘር ድርሻ አለው። የሕመምተኛ ወንድም ወይም እኅት የመታመም ዕድሉ ከሌላው ሰው 5 እጥፍ ያህል ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ የዘረመል ጥናትም የተጋላጭነቱን አንድ ምንጭ አሳይቷል። ነገር ግን የሚወረሰው ተጋላጭነት እንጂ በሽታው አይደለም። ተጋላጭ የሆነ ልጅ ከመጀመሪያው እርምጃው ጀምሮ ጫማ ካደረገና እግሩን ከታጠበ በሽታው ሊይዘው የሚያስችል መንገድ አይኖረውም። ስለዚህ ጋብቻውን በዚህ ምክንያት እንዳይከለክሉ እለምንዎታለሁ፤ የልጅ ልጆችዎ እግር ከአፈር እንዲጠበቅ ግን ከአሁኑ ይምከሩ።

ጥያቄ፦ «ጫማ አድርጌ እንዴት አርሳለሁ? እግሬ ካበጠስ በኋላ መታጠቡ ምን ይፈይዳል?» (አንድ ገበሬ፣ ከቢቸና)

መልስ፦ በጭቃ ላይ ጫማ እንደሚከብድ አውቃለሁ፤ ሆኖም አፈሩ በብዛት የሚነካዎ ያን ጊዜ ስለሆነ ድፍን የሆነ የፕላስቲክ ቦቲ ቢያገኙ ይሻላል፣ ካጡም ከማሳ እንደወጡ ወዲያው ይታጠቡ። ላበጠ እግር በየዕለቱ በሳሙና ማጠብ፣ በጣቶች መካከል ያለውን እርጥበት በንጹሕ ጨርቅ ማድረቅ፣ ቆዳው እንዳይሰነጠቅ ቫዝሊን መቀባት፣ በተቀመጡ ጊዜም እግርን ከፍ ማድረግ እብጠቱን ይቀንሰዋል፤ ጀማሪ ከሆነ ወደ ቀድሞው ሊመለስም ይችላል። በጠበል የሚታጠቡም ይህን እንክብካቤ አያቋርጡ። እግሩ ድንገት ቀልቶ ካቃጠለና ትኩሳት ካመጣ ግን በቤት አይቆዩ፤ በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ይሂዱ።