ያንኪስና ያልሞላው የውጭ ሜዳ

ጤና ይስጥልኝ፣ እንዴት ሰነበታችሁ። ዛሬ ስለ ቤዝቦል ቡድኑ ኒው ዮርክ ያንኪስ ሁለት የዝውውር ወቅቶች ላውራችሁ፤ በ2023 እና በ2024 ማብቂያ ላይ ስለነበሩት። በሁለቱም ጊዜ ቡድኑ አውትፊልደር ፍለጋ ላይ ነበር፤ በሜዳው ሩቅ ክፍል በግራ፣ በመሀል ወይም በቀኝ ቆሞ ኳስ የሚይዝ ተጫዋች ማለት ነው። ደጋፊው ሁሉ «ማን ይምጣ?» ይላል። እኔ ግን ከስሙ በፊት ሜዳው ይታይ ባይ ነኝ።

በያንኪ ስታዲየም የቀኙ መስመር አጥር ከመምቻው 314 ጫማ ላይ ነው፤ 96 ሜትር አይሞላም። ግራኝ መቺ ኳሷን ጠንከር አድርጎ ሲመታት በአብዛኛው የምትሄደው ወደዚያ ነው። የግራው መስመርም 318 ጫማ ነው፣ ግን ወደ መሀል ሲጠጉ አጥሩ እየሸሸ እየሸሸ 399 ይደርሳል። ስለዚህ በግራ ሜዳ የሚቆመው ሰው እግር ያስፈልገዋል። የ2023ቱ ቡድን መቺዎች ደግሞ አብዛኞቹ ቀኝኞች ነበሩ። የቡድኑ ዋና መቺ አሮን ጃጅ ሰኔ ላይ ሎስ አንጀለስ ውስጥ ኳስ ሊይዝ ከአጥር ጋር ተጋጭቶ የእግሩ ጣት ጅማት ተጎዳ፤ ዓመቱን በ106 ጨዋታ ጨረሰ። ቡድኑ 82 አሸንፎ 80 ተሸነፈ፣ ከጥሎ ማለፉም ቀረ።

ታኅሣሥ 2023 ላይ አሌክስ ቨርዱጎ በሦስት ፒቸሮች (ኳስ ወርዋሪዎች) ልዋጭ ከቦስተን መጣ። ወዲያው ከሳን ዲዬጎ ኋን ሶቶና ትሬንት ግሪሻም ተከተሉ። ሦስቱም ግራኞች ናቸው። ሶቶን፣ ዋሽንግተንና አካባቢዋ ያላችሁ፣ በ2019 ከናሽናልስ ጋር ዋንጫ ሲያነሳ ታውቁታላችሁ። የሶቶና የግሪሻም ዋጋ አራት ፒቸሮችና አንድ ካቸር (ከመቺው ኋላ ሆኖ ኳስ የሚቀበል) ነበር። ከሁሉም የሚቆጨው ፒቸሩ ማይክል ኪንግ ነው፤ በቀጣዩ ዓመት ለሳን ዲዬጎ በዘጠኝ ኢኒንግ፣ ማለትም በአንድ ሙሉ ጨዋታ ልክ፣ በአማካይ 2.95 ነጥብ ብቻ ነው ያስቆጠሩበት። ሶቶ ደግሞ ውሉ አልቆ ከፈለገው ቡድን ጋር ለመፈረም ነጻ ሊሆን አንድ ዓመት ብቻ ነበር የቀረው። ቢሆንም እኔ ብሆን አደርገው ነበር፦ 41 ሆም ራን (ከአጥር ማዶ የወጣ ምት)፣ 129 ዎክ (በአራት የተበላሹ ውርወራዎች ሳይመቱ በነጻ ማለፍ)፣ እስከ ወርልድ ሲሪስ፣ ማለትም እስከ ዋንጫው ፍልሚያ።

ችግሩ ወዲህ ነው። ሶቶ የቀኝ፣ ቨርዱጎ የግራ ሜዳ ሰው ነው፤ መሀሉ ክፍት ቀረ። እዚያ በብዛት የቆመው ጃጅ ነው፤ ቁመቱ ሁለት ሜትር፣ ክብደቱ ወደ 128 ኪሎ የሆነ ሰው። ከሦስቱ ቦታዎች ብዙ ሩጫ ያለው መሀሉ ነው። በወርልድ ሲሪሱ አምስተኛ ጨዋታ፣ ያንኪስ 5 ለ 0 እየመሩ ሳለ ጃጅ የጣላትን ኳስ ግን በቦታው አላሳብብም፤ የትም ቢቆም የምትያዝ ነበረች።

ከዚያ ሶቶ በ15 ዓመት 765 ሚሊዮን ዶላር ወደ ሌላው የኒው ዮርክ ቡድን፣ ወደ ሜትስ ሄደ። እዚህ ላይ የደመወዝ ጣሪያውን ያለፈ ቡድን የሚከፍለውን ግብር ልብ በሉ። የሚታሰበው በውሉ ዓመታዊ አማካይ ነው። ሦስት ዓመትና ከዚያ በላይ በተከታታይ ጣሪያውን የጣሰ ቡድን በ2024 ከ297 ሚሊዮን በላይ ለሚያወጣው ለእያንዳንዱ ዶላር 1.10 ዶላር ይቀጣ ነበር። አንድ ዶላር ከሁለት ዶላር በላይ ያስወጣ ነበር ማለት ነው።

ያንኪስ ታዲያ ከቺካጎው ካብስ ኮዲ ቤሊንገርን በአንድ ፒቸር ወሰዱ፣ 5 ሚሊዮን ዶላርም ተጨመረላቸው። የረከሰው ካብስ 27.5 ሚሊዮን ደመወዙን ማራገፍ ስለፈለጉ ነው። ቤሊንገር ሦስቱንም የውጭ ሜዳ ቦታና ፈርስት ቤዝን (የመጀመሪያውን ማረፊያ የሚጠብቀውን ቦታ) ይጫወታል፤ እንዲህ ያለ ሰው ሌላው ሲጎዳ ዋጋው እጥፍ ነው። ጃጅ ወደ ቀኝ ተመለሰ፣ መሀሉን ግሪሻም ያዘ። ያ በሶቶ ዝውውር እንደ ምራቂ የተቆጠረው ግሪሻም በ2025 ሠላሳ አራት ሆም ራን መታ፤ ቤሊንገር 29።

ዓመቱ ሲያልቅ ቤሊንገር ውሉን የማቋረጥ መብቱን ተጠቀመ። ግሪሻም ያንኪስ ያቀረቡለትን የአንድ ዓመት 22.025 ሚሊዮን ዶላር ተቀበለ። እምቢ ብሎ ቢሆን ኖሮ የሚያስፈርመው ሌላ ቡድን የድራፍት ምርጫ (አዳዲስ ወጣቶችን የመምረጥ ተራ) ስለሚያጣ ፈላጊው ይቀንስ ነበር።