ከእርሳሱ በፊት፦ የስድስት እባቦች የሥዕል መጽሐፍ እንዴት ይታቀዳል?

የተከበራችሁ የሥነ ጥበብና የቋንቋ መምህራን፣ የተከበራችሁ ወላጆች፣ ከደሴና ከኮምቦልቻ ትምህርት ቤቶች የመጣችሁ የሥዕል ክበብ ተማሪዎች፤ እንኳን ደኅና መጣችሁ።

የዛሬው ጉዳያችን አንድ ነው፤ በሁለተኛው መንፈቀ ዓመት ተማሪዎች ስለሚያዘጋጁት የአፈ ታሪክ ፍጡራን የሥዕል መጽሐፍ ዕቅድ ማውጣት። ጉጉቱ ሞልቷል። ዘንዶ ሣል የተባለ ልጅ ወረቀት እስኪታደል እንኳ አይጠብቅም። እንዲህ ያለው ሥራ የሚበላሸውም በእጅ ድካም አይደለም፤ ፍጡሩ የየት አገር እንደሆነ፣ ማን እንደሚተርከው፣ በታሪኩ ውስጥ ምን እንደሚሠራ ሳይጠየቅ እርሳስ ስለሚነሣ ነው። ያኔ 24 ልጆች 24 ጊዜ አንድ ዘንዶ ይሥላሉ፤ የሌሊት ወፍ ክንፍ ያለው፣ እሳት የሚተፋ፣ ከስልክ ጨዋታ የተቀዳ። የአክሱሙ እባብ አርዌ እንዲያ አይደለም። የቻይናው ድራጎንም በልማድ ክንፍ የለውም፤ የእሳት ሳይሆን የዝናብና የውሃ ጌታ ነው። ስለዚህ ካሉን 10 ሳምንታት 3ቱን ለፍለጋ ብቻ እንድትሰጡ አጥብቀን እንጠይቃለን።

መጀመሪያ ርዕሱ ይጥበብ። ከየአህጉሩ አንድ አንድ ፍጡር ቢለቀም መጽሐፉ ዝርዝር ብቻ ሆኖ ይቀራል፤ አንዱን ገጽ ከሌላው የሚያያይዘው ነገር አይኖርም። እኛ የምናቀርበው እባብን ብቻ ይዞ መሄድ ነው። አካሉ ተመሳሳይ ስለሆነ ልጁ ልዩነቱን ከታሪኩ መፈለግ ግድ ይሆንበታል።

ስድስቱ እነዚህ ናቸው። አንደኛው አርዌ ነው፤ በጥንቱ የነገሥታት ዝርዝር መጀመሪያ 400 ዓመት ነገሠ የሚባለውና አንጋቦ የተባለ ሰው መርዝ በበላች ፍየል የገደለው። ሁለተኛው የግብፁ አፔፕ ነው፤ የፀሐይ አምላክ የራ ጀልባ በሌሊት በምድር ሥር ስታልፍ አድብቶ የሚጠብቃት። ሦስተኛው የሰሜን አውሮፓው ዮርሙንጋንደር፤ ኦዲን የተባለው አምላክ ባሕር ውስጥ ወርውሮት፣ እዚያ አድጎ ዓለምን ዙሪያዋን ከብቦ የራሱን ጅራት የነከሰው። አራተኛዋ የግሪኳ ሃይድራ፤ አንዱ ራሷ ሲቆረጥ ሁለት የሚበቅልላት። አምስተኛው ላባ የለበሰው የሜክሲኮ እባብ ኩዌትዛልኮአትል፤ ማያዎች ኩኩልካን የሚሉት። ስድስተኛው የቻይናው ሎንግ። ቅደም ተከተሉን እንዲሁ አልደረደርነውም፤ ምክንያቱን ስለ ገጾቹ ስንናገር ታገኙታላችሁ።

ሙሴ በትሩ እባብ የሆነበት ታሪክ፣ ደብረ ዳሞ፣ ቅዱስ ጊዮርጊስ ለምን ተተዉ የሚል ጥያቄ እንደሚነሣ እናውቃለን። ወሎ ውስጥ ነን፤ በአንድ ወንበር ላይ የሙስሊምና የክርስቲያን ልጅ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። አንዱ በእምነቱ የያዘውን ታሪክ ከተረት ጋር በአንድ መጽሐፍ መጠረዝ ያስቀይማል፤ የነቢያትን መልክ መሣል ደግሞ ለሙስሊሙ ቤተሰብ የማይታሰብ ነው። ስድስቱ ግን ዛሬ ማንም በዚህ ክፍል ውስጥ የሚሰግድላቸው አይደሉም።

ከዚህ የባሰ ጥንቃቄ የሚያሻው ሌላ ነገር አለ። አንድ ልጅ ተነሥቶ ቡዳን፣ ሌሊት ጅብ የሚሆነውን ሰው፣ እንሣል ማለቱ አይቀርም። አትፍቀዱ። ይህ ወሬ ሸክላ ሠሪውን፣ ቀጥቃጩን፣ ሸማኔውን ከጎረቤት ለመለየት ሲነገር የኖረ ነው። የሸክላ ሠሪ ልጅ በዚያው ክፍል ውስጥ ተቀምጣ ሊሆን ይችላል፤ ሥዕሉ ግድግዳ ላይ ሲሰቀል ማንን እንደሚያመለክት ለእሷ የሚነግራት ሰው አያስፈልግም። ለልጁ ለምን እንደተከለከለ በግልጽ ንገሩት፤ ጅቡን ራሱን መሣል ከፈለገ ግን ይሣል። የፊት እግሮቹ ከኋላዎቹ እንደሚረዝሙና ጀርባው ወደ ኋላ እንደሚያዘቀዝቅ አሳዩት፤ ይህን ያላየ ልጅ ሁልጊዜ ውሻ ነው የሚሥለው።

አሁን ወደ ፍለጋው። በየቡድኑ 4 ተማሪ፣ 6 ቡድን፣ በሳምንት ሁለት ጊዜ 90 ደቂቃ። እያንዳንዱ ቡድን አንድ ገጽ ቅጽ ይሞላል፦ ማን ይተርከዋል፣ የት፣ በምን ቋንቋ፣ አካሉ እንዴት ይገለጻል፣ የት ይኖራል፣ ምን ይበላል፣ ማን በምን ያሸንፈዋል። ለእያንዳንዱ ፍጡር ቢያንስ ሁለት ምንጭ ይኑር። ሁለቱ ሲለያዩ ልጆቹ አስታርቀው ሦስተኛ ታሪክ እንዳይፈጥሩ ተቆጣጠሩ፤ ሁለቱንም ይጻፉ፣ አንዱን መርጠው ይሣሉ። የአርዌ ቡድን አያቶችን ይጠይቅ። ከኮምቦልቻ የሚመጡ ልጆች በአፋን ኦሮሞ፣ ባቲ በኩል ዘመድ ያላቸው ደግሞ በአፋርኛ የሚነገር የዘንዶ ተረት ካገኙ በዚያው ቋንቋ መዝግበው ትርጉሙን ከሥሩ ያስፍሩ። ድምፅ ከመቅዳታቸው በፊት ያስፈቅዱ።

አንድ ሕግ ደግሞ አለ፤ ስድስቱንም ይመለከታል። የታሪኩ ባለቤቶች ራሳቸው የሠሩትን ቢያንስ አንድ ሥዕል ወይም ቅርጽ ሳያይ ማንም አይጀምር። የኩዌትዛልኮአትል ቡድን በቴኦቲዋካን ቤተ መቅደስ ላይ የተቀረጹትን የእባብ ራሶችና በቺቼን ኢትዛ ደረጃ ግርጌ ያሉትን ይይ። የግብፁ ቡድን አፔፕ ብዙውን ጊዜ ተሸንፎ፣ ቢላ ተሰክቶበት እንደሚታይ ልብ ይበል፤ ግብፃውያን ሥዕሉ ራሱ ጉልበት እንዳይሰጠው ይሰጉ ነበር። የሎንግ ቡድን የአጋዘን ቀንድ፣ የካርፕ ዓሣ ቅርፊት፣ የንስር ጥፍር ከየት እንደመጡ ይወቅ፤ አምስት ጥፍር የንጉሠ ነገሥቱ ምልክት እንደነበረም እንዲሁ። ለአርዌ ከሸራ ላይ ከሚሣለው የንግሥተ ሳባ ታሪክ የተሻለ መምህር የለም፤ ብዙውን ጊዜ 44 ሥዕል በተርታ የያዘ ነው፣ የሚጀምረውም ከዘንዶው ነው። በዚያ ላይ የአገራችን ሠዓሊ ክፉውን በአንድ ዓይን በጎን፣ ደጉን በሁለት ዓይን ፊት ለፊት ይሥላል። አርዌ ወዴት ያይ፣ አንጋቦስ? መልሱ እዚያ አለ።

ከተነገረው ነገር ሥዕል እንዴት እንደሚወጣ በአርዌ እናሳይ፤ በዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ። አንድ የግእዝ ትረካ ርዝመቱን 170 ክንድ፣ ውፍረቱን 4 ክንድ፣ ቀንዱን 3 ክንድ ይላል። አራት ክንድ ማለት የቁመተ ረጅም ሰው ልክ ነው። እንግዲህ አንጋቦ ከእባቡ አጠገብ ሲቆም ራሱ የሚደርሰው ከተጋደመው አካል ጀርባ ላይ ነው፤ ልጆች ግን ሰውየውን የእባቡን ሦስት እጥፍ አድርገው ይሥሉና ፍርሃቱ ይጠፋል። ሥዕሉ የሚሠራበት ኤ3 ወረቀት 42 በ29.7 ሴንቲ ሜትር ነው። አካሉን 4 ሴንቲ ሜትር ብታወፍሩት ርዝመቱ 170 ይሆናል፤ ይህ ከወረቀቱ ግማሽ በላይ ይይዛል፣ ለጽሑፍም ለፍየሊቱም ቦታ አይተርፍም። ውፍረቱ 2.5 ሲሆን ርዝመቱ 106 ገደማ፣ ቀንዱ 2 ለመድረስ ጥቂት የጎደለው፣ አንጋቦም 2.5 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። 106 ሴንቲ ሜትር ሲባጎ ቆርጣችሁ በወረቀቱ ላይ ጠምዝዙት፤ ጥምዙ ሲያምር በእርሳስ ተከተሉት። ይህ ሲባጎ የአከርካሪው መስመር ነው።

ከዚያ በኋላ አካሉ ይለብሳል። በመስመሩ ላይ በየ2 ሴንቲ ሜትሩ ቀለበት ይሣል፤ መሃል ላይ ሰፋ፣ ወደ አንገትና ወደ ጅራት ጠበብ እያለ። ከራስ እስከ ጅራት አንድ ውፍረት ያለው እባብ የውሃ ጎማ ይመስላል። ሌላው ዘወትር የሚታየው ስሕተት ቅርፊቱን በሙሉ አካል ላይ አንድ ዓይነት ማድረግ ነው፤ እባብ ሆዱ ሥር ያለው ቅርፊት ሰፊና አግድም ነው፣ አካሉ ሲጠማዘዝ ሆዱ የት እንደሚገለጥ የሚነግረን እሱ ነው። ቅርፊቱ ሁሉ አይሣል፤ ብርሃንና ጥላ በሚገናኙበት በኩል ብቻ። የሃይድራ ቡድን የራሱ ፈተና አለው። 9 አንገት ከአንድ ነጥብ ከወጣ ደረት የሚባል ነገር አይኖራትም፤ ትከሻዋን አስፍታችሁ 5 አንገት ከፊት፣ 4 ከኋላ አድርጉ፣ የኋላዎቹን በቀጭን መስመር።

መጽሐፉ 28 ገጽ ነው። ኤ4 ወረቀት መሃል ለመሃል ታጥፎ በሁለት ፊቱ 4 ገጽ ስለሚሆን ገጹ ምንጊዜም በ4 መካፈል አለበት፤ 28 ገጽ 7 ወረቀት ነው። ገጽ 1 ርዕስ፣ 2 እና 3 የስድስቱ አገር ካርታ፣ ከ4 እስከ 27 ለእያንዳንዱ ፍጡር 4 ገጽ፣ 28 የተራኪዎችና የሠዓሊዎች ስም። ለ24 ተማሪ 24 ገጽ ስለሆነ እያንዳንዱ ልጅ የራሱ ገጽ አለው፤ ጎበዙ ብቻውን ሥሎ ሌሎቹ ቀለም ሲያቀብሉት አይውሉም። ዮርሙንጋንደርን ሦስተኛ ያደረግነውም ለዚህ ነው፤ ገጹ ከ12 እስከ 15 ይሆናል። በአንድ ያልተቆረጠ ወረቀት ላይ ፊት ለፊት የሚውሉት ደግሞ 14 እና 15 ብቻ ናቸው። ዓለምን የከበበ እባብ እዚያ ሳይሰበር ይጠመጠማል። በሌሎቹ ጥንድ ገጾች ግራና ቀኙ የተለያየ ወረቀት ስለሆነ አንድ ሁለት ሚሊ ሜትር መዛነፉ አይቀርም፤ ዓይንና አፍ ከእጥፋቱ 2 ሴንቲ ሜትር ይራቁ።

የጥንድ ገጾች ዋና ሥዕል በኤ3 ተሠርቶ በ71 በመቶ ወደ ኤ4፣ ማለትም ወደ ሁለት ገጽ ስፋት፣ ይቀነሳል። 0.5 ሚሊ ሜትር መስመር 0.35 ይሆናል፤ ከ0.3 የቀጠነ መስመር ኮፒው ላይ ሊጠፋ ይችላል። ወረቀቱ በካሬ ሜትር 200 ግራም ይሁን፤ ቀጭን ወረቀት ውሃ ሲነካው ይሸበሸባል። አራቱንም ጠርዝ በወረቀት ፕላስተር ጣውላ ላይ ለጥፉት፣ ሙሉ በሙሉ ሳይደርቅ አትላጡት። ጥቁሩን ቀለም አስቀድማችሁ ፈትኑ፤ በቁራጭ ላይ መስመር አስምራችሁ፣ 10 ደቂቃ ቆይታችሁ እርጥብ ብሩሽ አሳልፉበት፤ ካለቀቀ ለዚህ ሥራ አይሆንም። ብዙ ማርከር በዚህ ፈተና ይወድቃል። ቀይ፣ ቢጫና ሰማያዊውን አንድ ሰው ለሁሉም ቡድን ከአንድ ዓይነት ይግዛ፤ አለበለዚያ ስድስት ዓይነት ቀይ ይመጣል።

የሁለቱ ከተሞች አየርም እዚህ ላይ ይገባል። ደሴ ብርድና ጉም ሲሆን ቀለሙ ቶሎ አይደርቅም፤ ሁለተኛው ቀለም ሲደረብ አንዱ ከሌላው ይቀላቀላል፤ ትዕግሥት ያስፈልጋል። ኮምቦልቻ ሞቃት ስለሆነ ሰፊ ቦታ ሲቀባ ግማሹ ሳይደርስ ሌላው ይደርቅና ጠርዙ ይታያል። እዚያ ያሉ ቡድኖች ቀለሙን አብዝተው አስቀድመው ይበጥብጡ፣ ወረቀቱን በንጹሕ ውሃ አርሰው ይጀምሩ፤ ጠዋት ቢሠሩ ይሻላል።

ገንዘብ ከጠበበ በጥቁርና ነጭ ይታተም። ግን ቀይና አረንጓዴ በኮፒ አንድ ዓይነት ግራጫ ሊሆኑ ስለሚችሉ ሥዕሉ ከመጠናቀቁ በፊት በስልክ በጥቁርና ነጭ አንሥታችሁ እዩት። ስካን ካለ በ300 ነጥብ በኢንች ይሁን፤ ከሌለ በመስኮት ብርሃን፣ ያለ ፍላሽ፣ ስልኩ ከወረቀቱ ጋር ትይዩ ሆኖ። 100 ቅጂ 700 ወረቀት ይፈልጋል፤ ሁለት ደስታ ተገዝቶ 300 ለብልሽት ይቀራል። መጀመሪያ አንድ ቅጂ ብቻ አትማችሁ፣ አጥፋችሁ፣ ገጹን ቁጠሩ። የፊትና የኋላው ተገልብጦ የሚወጣው በዚህ ጊዜ ነው፤ 100 ቅጂ ከወጣ በኋላ ግን አይታረምም። ጥርዙ በመርፌና በወፍራም ክር፣ በሦስት ቀዳዳ ይበቃዋል።

ጊዜው እንዲህ ይከፈል፦ 3 ሳምንት ፍለጋ፣ 1 ሳምንት 6 በ9 ሴንቲ ሜትር ትንንሽ ንድፎች፣ ለእያንዳንዱ ገጽ ቢያንስ 4፤ 1 ሳምንት እርሳስ፣ 3 ሳምንት ጥቁር ቀለምና የውሃ ቀለም፣ 1 ሳምንት ስካንና የገጽ ቅንብር፣ የመጨረሻው ለኅትመት። የካቲት መጀመሪያ ላይ ከተነሣን ሚያዝያ አጋማሽ ላይ ፈተና ሳይደርስ ያልቃል።

የመረጃ ቅጹ በሩ አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ላይ አለ። የቡድን ተጠሪዎች ስትወጡ አንድ አንድ ውሰዱ፣ የፍጡራችሁንም ስም አስመዝግቡ፤ የአርዌ ቡድን ሲባጎውን ከእኛ ይቀበል። ጥያቄ ካላችሁ አሁን እንሰማለን።