አህያዋን ማን ሣላት?

(ምስል፦ ደብረ ብርሃን፣ ማለዳ። ብርድ፣ የኩበት ጭስ፣ አንድ የአጥር ግድግዳ።)

እኛ ሰፈር፣ አንድ ጠዋት የእትዬ ግድግዳ ላይ አህያ ተሥላ ተገኘች። በከሰል። ኩበት ተጭናለች፤ አንድ ጆሮዋ ቀጥ፣ ሌላው ዘመም ብሏል። ከበላይዋ "እዚህ መሽናት ክልክል ነው" የሚል የቆየ ጽሑፍ አለ። ፊደል የቆጠረች ይመስል ቀና ብላ ታየዋለች።

እኔ ሳቄ መጣ። እትዬ ግን አልሳቁም። "ማነው ይሄ ባለጌ?" አሉ። ትንፍሽ ያለ የለም።

"ክልክል ነው" የሚለውንስ ማን ጻፈው? እሱም ስም የለውም። እሱን ግን ማንም ባለጌ አላለውም።

(ምስል፦ የተቆረጠ ካርቶን፣ የሚረጭ ቀለም።)

ባንክሲ የሚባለውን ሰምታችሁ ይሆናል። ከእንግሊዝ፣ ከብሪስቶል የወጣ ሠዓሊ ነው። ከ1990ዎቹ ጀምሮ ግድግዳ ላይ ይሥላል (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። በአደባባይ ወጥቶ "ይኸው እኔ" ብሎ አያውቅም።

ጆንያ ላይ ስም የሚቀባበትን የተቆረጠ ካርቶን ታውቁታላችሁ አይደል? የሱም ዘዴ እሱው ነው፤ ስቴንስል ይሉታል። አድካሚው ቆረጣ ቤት ውስጥ ያልቃል። ግድግዳው ጋ የሚቀረው የደቂቃዎች ሥራ ነው። ቀለሙን ረጭቶ፣ ካርቶኑን ጠቅልሎ፣ ላሽ!

በ2018 ለንደን፣ ሶዝቢስ በተባለው አጫራች ቤት፣ ልጅቷና ፊኛዋ ያሉበት ሥዕሉ ከ1 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ተሸጠ። መዶሻው ቋ እንዳለ ፍሬሙ ውስጥ የተደበቀ መቁረጫ ተነሣና ሥዕሉን እስከ ግማሽ ተለተለው። ከሰረ ስትሉ፣ በ2021 ያው የተተለተለው ከ18 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ አወጣ።

ይሄን ሁሉም ያወራዋል። እኔን የሚገርመኝ የክላክተን ነገር ነው። በዚያች የእንግሊዝ የባሕር ዳርቻ ከተማ በ2014 አምስት ግራጫ እርግቦች ተሣሉ። ጽሑፍ ይዘው አንዲትን ባለቀለም ወፍ "ወደ አፍሪካ ተመለሺ" ይሏታል። ሽሙጡ በዘረኞች ላይ ነው። አንድ ሰው ግን ሥዕሉ ራሱ ዘረኛ ነው ብሎ አቤት አለና ማዘጋጃ ቤቱ አስጠፋው። ሠዓሊው ማን እንደሆነ አይታወቅ፤ "ምን ማለትህ ነው?" ተብሎ የሚጠየቅ ሰው የለም። የባንክሲ መሆኑ ሲሰማ ደግሞ ባለሥልጣናቱ ተስማሚ የባንክሲ ሥዕል ቢመጣልን ደስ ይለናል አሉ። (እንዲህም አለ እንግዲህ!)

ዉድ ግሪን በተባለ የለንደን ሰፈር ደግሞ በ2012 የብሪታንያን ባንዲራ የሚሰፋ ትንሽ ልጅ ሣለ። በዓመቱ ግድግዳው ተቆርጦ ተወሰደና አሜሪካ፣ ማያሚ ጨረታ ላይ ብቅ አለ። የሰፈሩ ሰው "የኛ ነው!" ብሎ ተነሣ። ከጨረታው ወጣ፤ ግን ብዙም ሳይቆይ ለንደን ውስጥ ተሸጠ። ሠዓሊው ለማን እንደሰጠ አልተናገረም። ግድግዳው ግን ባለቤት አለው።

መደበቁ ራሱንም አስከፍሎታል። የአውሮፓ ኅብረት የአእምሯዊ ንብረት ቢሮ በ2020 አበባ የሚወረውረውን ሰውዬ ሥዕል የንግድ ምልክትነት ሰረዘበት። አንዱ ምክንያት፣ ማንነቱ ካልታወቀ የሥዕሉ ባለቤት መሆኑን ማረጋገጥ አይቻልም የሚል ነው።

ስም አለመጻፍ ለኛ ብርቅ አይደለም። የጥንት የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊዎቻችን ብዙዎቹ ስማቸውን አልተዉልንም። በደሴ መንገድ ሽው የሚሉት አይሱዙዎች ኋላ ያለውን ጥቅስም ማን እንደጻፈው አናውቅም። ልዩነቱ፣ እነሱን ባለቤቱ ጠርቷቸው ነው። ባንክሲን የጠራው የለም። የኛን ባለ ከሰልም እንደዚሁ። ስለዚህ እትዬን አልፈርድባቸውም፤ አህያዋን ብወዳትም።

(ምስል፦ ያው ግድግዳ፣ ነጭ ተቀብቶ።)

እትዬ ኖራ አስቀቡበት፤ "ክልክል ነው" የሚለውን ብቻ አስቀሩ። ከዚያ ክረምት ገባ። የደብረ ብርሃንን ዝናብ ታውቁታላችሁ። ኖራው ታጥቦ ታጥቦ፣ ባለፈው ሳምንት ዘመም ያለው ጆሮዋ ብቅ ብሏል።

እትዬ እስካሁን አላዩትም። እኔም አልነገርኳቸው።